ቤት ፍለጋ የወጣ ወላጅ ትምህርት ቤት ከየት ያምጣ?

ሰኔ ወጥቶ ትምህርት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ በሚያስወጡት መንገዶች ላይ ጓዝ የጫነ አይሱዙ ይበዛል። ቡፌው፣ ፍራሹ፣ የልጆቹ ቦርሳ ሁሉ አንድ ላይ በገመድ ተጠፍሮ ወይ ወደ ቡራዩ፣ ወይ ወደ ሰበታ፣ ወይ ወደ ሱሉልታ ይነጉዳል። ቤተሰቡ እስከ ሰኔ የታገሠው ልጆቹ ፈተናቸውን እንዲጨርሱ ብሎ ነው። መስከረም ሲጠባ ልጆቹ የት እንደሚማሩ ግን ገና አልታወቀም።

ለምን ወጣችሁ ቢባሉ መልሱ የታወቀ ነው። አንዱን አከራዩ ጨምር ወይም ልቀቅ ብሎታል። ሌላው በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ስም ተነስ ተብሎ ሰፈሩ እንደ ጨው ተበትኗል። ሌላው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀማትን ይዞ “ከኪራይ ልገላገል” ብሎ በከተማዋ ዳር ቁራሽ መሬት የገዛ ነው። ጋዜጣና ሬዲዮ ይህን “ሰፈር መምረጥ” ይሉታል። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ምርጫ የሚባለው ቢያንስ ሁለት ነገር ከፊት ሲቀርብ አይደለም እንዴ? ዳፍንት እንደያዘው ሰው መንገዱን በእጁ እየዳሰሰ የሚሄድ ወላጅ ምኑን መረጠ ይባላል?

አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ሸሽተው ወደ ፍልውሃ ወረዱ፤ አዲስ አበባም ተቆረቆረች። የዛሬው ኑሮ የከበደው አዲስ አበቤ ደግሞ ከፍልውሃ ሽቅብ ወጥቶ፣ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ብርድ ሊቆፍረው ይሄዳል። አይ ጊዜ! ሱሉልታ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራባት፣ ሯጮቻችን ሳንባቸውን የሚያጠነክሩባት ደጋ ናት። ለአትሌት የተመቸ ብርድ ግን በንጋት ታክሲ ለሚጠብቅ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ የተመቸ ነው ማለት አይደለም።

የሦስቱም ከተሞች ነገር እንዲሁ ነው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አገር ናት፤ ብዙ ዓይነ ስውራን ምሁራን ፊደል የቆጠሩባት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም የሚነሳው ከዚያው ነው። ባቡሩ ጅቡቲ ድረስ ይዘልቃል፤ የሰበታን ሠራተኛ ግን ጠዋት ለገሃር አያደርሰውም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም በምዕራብ በኩል ጦር ኃይሎች ሲደርስ “ወራጅ አለ” ብሎ ይመለሳል። ቡራዩም እንዲሁ። የገፈርሳ ግድብ በደጇ ሆኖ ለአዲስ አበባ ውሃ ሲልክ ኖሯል፤ ወደ ቡራዩ ቤት ሊከራይ የሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው “ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?” ብሎ ነው። የታሸገ ውሃ ፋብሪካ በበዛባት ሱሉልታም ይኸው ጥያቄ ይጠየቃል።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ቤተሰቡ የወጣው ኪራይ ይቀንስልኛል ብሎ ነው። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች አዲስ አበባ ሥራና ትምህርት ቤት ቢኖራቸው፣ እያንዳንዱ ለመሄድ ሁለት፣ ለመመለስ ሁለት ታክሲ ቢይዝ፣ በቀን 16 ጊዜ ለረዳት ይከፈላል ማለት ነው። ይህ በወር ሲባዛ ከኪራይ ተረፈ የተባለው ገንዘብ ወዴት እንደሄደ ይገለጻል። ገንዘቡስ ይሁን። ሁለት ሰዓት ላይ ለሚገባ ትምህርት ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚቀሰቀስ ልጅ ክፍል ውስጥ ገብቶ ምን ሊማር ነው? ሊያንቀላፋ እንጂ!

“ታዲያ እዚያው ያስገቡዋ!” የሚል ይኖራል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የኦሮሚያ ከተሞች ናቸው። በክልሉ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚጻፈውም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ነው። ይህ ማንም ሊነጥቀው የማይገባ መብት ነው። የኦሮሞ ልጅ በአፉ በፈታበት ቋንቋ እንዳይማር የተደረገበትን ዘመን እናውቃለንና ወደዚያ እንመለስ የሚል ካለ እኛ የለንበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ይኖር የነበረ ኦሮሞ ወላጅም ልጁን በቋንቋው የሚያስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳያገኝ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በመዝሙርና በባንዲራ ሰበብ ተማሪ ከተማሪ ሲጋጭ አይተናል። ትልልቆቹ ያልጨረሱትን ክርክር ሕፃናቱ በድንጋይ እንዲጨርሱት ተተዉ።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። አዲስ አበባ እስከ አራተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ በመስከረም ቡራዩ ሲገባ ሳይንሱንም ሒሳቡንም በማያውቀው ቋንቋ አምስተኛ ክፍል ይጀምር ነው የሚባለው? ከሰበታ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ የመጣውስ? በከተሞቹ በአማርኛ የሚያስተምሩ ክፍሎች አሉ፤ የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ። ዳሩ ግን የተገኘው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ይቀጥል አይቀጥል፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ልጁ በየትኛው ቋንቋ ይፈተን፣ ለወላጁ በጽሑፍ የሚነግረው ማነው? ልጅ አዲስ ቋንቋ ቶሎ ይለምዳል፤ የሚያስለምደው አስተማሪ ካገኘ። መሸጋገሪያ ሳይሰጡት ክፍል ውስጥ አስገብቶ መተው ግን ዋና የማያውቅን ልጅ ገፈርሳ ውስጥ መወርወር ነው።

የግሉ ትምህርት ቤት ነገርም በአጥሩ አይታይም። ቆርቆሮ አጥር ላይ “ኢንተርናሽናል” ብሎ መጻፍ ቀለም ብቻ ነው የሚፈጀው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ጉዱ ወጣ። በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በመቶዎች ሳይሆን ከሺህ በላይ ሆነው ተቆጠሩ። እንግዲህ ወላጅ የሚመርጠው ከዚህ ውስጥ ነው። የጎረቤት ወሬ ሰምቶ፣ የደንብ ልብሱን ቀለም አይቶ መመዝገብ አያዋጣም።

ሌላም ሰው የማያስበው ጣጣ አለ፤ መታወቂያ። አዲስ አበባ መታወቂያውን መልሶ መሸኛ የወሰደ ሰው ለከተማዋ ነዋሪ ከተፈቀደው ሁሉ ይወጣል። ወር በወር ከልጆቹ አፍ ነጥቆ የቆጠበለት የኮንዶሚኒየም ተስፋ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የተማሪዎች ምገባና የደንብ ልብስም ከልጁ ጋር አብሮ አይሄድም። ለድሃ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቁርስና ምሳ ነው። “እሺ አልመልስም” ብሎ የአዲስ አበባ መታወቂያ በኪሱ ይዞ ሰበታ የሚኖረው ደግሞ የጤና መድን ሲጠይቅ “እዚህ አልተመዘገብክም” ይባላል። እዚያም የለ፣ እዚህም የለ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰን አካለልን ሲሉ ደግሞ ቤቱን ሳይነቅል፣ ጓዙን ሳይጭን፣ አስተዳደሩ የተለወጠበት ነዋሪ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የቤቱ ነገር ነው። ዜጋው መሬት ሲገዛ ገበሬው ፈርሟል፣ ሽማግሌ ታዛቢ ሆኗል። ቀጥሎ መብራት ኃይል ቆጣሪ ይተክልለታል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግብር ይቀበለዋል፣ ለመንገድ አዋጣ ሲባል ያዋጣል። ከዚያ አንድ ቀን ዶዘር ይመጣና “ሕገ ወጥ ነህ፣ ጨረቃ ቤት ነው” ይለዋል። ለመሆኑ ሕገ ወጥ ከሆነ ግብሩ ለምን ተቀበሉት? ለገጣፎ ላይ በየካቲት 2011 ዓ.ም. የሆነውን አገር ያውቀዋል። ከ12 ሺህ በላይ ቤቶች ሊፈርሱ መታቀዱ በወቅቱ ተዘግቧል፤ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ፍርስራሽ ላይ አድረዋል። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎቹ ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባሉ። ስሙ ተለወጠ፣ ዶዘሩ ግን ያው ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር የማፍረሱን አካሄድ ነቀፈ። መስጊዶች ፈረሱ ተብሎ በግንቦት 2015 ዓ.ም. አንዋር መስጊድ ላይ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው የትምህርት ዘመን አጋማሽ ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ወዴት ተዛውሮ ተማረ? የጠየቀ ባለሥልጣን አልሰማንም።

ቡራዩንም አንረሳም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአሥሮች የሚቆጠሩ ዜጎች በማንነታቸው ሳቢያ ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩት አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ብዙዎቹ ሽማ ሠሪ የዶርዜና የጋሞ ልጆች ነበሩ። ጋሞ አገር አርባ ምንጭ ላይ ሊበቀል የተነሣውን ወጣት የገዛ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሱት። መንግሥት ያጣውን ብልኃት ሽማግሌ አልቸገረውም።

የገበሬው ነገርስ? ይህን ሳይናገር የሚያልፍ ሚዛናዊ አይደለም። አዲስ አበባ በሰፋች ቁጥር ለካሬ ሜትር እዚህ ግባ የማይባል ካሣ እየተወረወረለት ከእርሻው የተነቀለው የኦሮሞ ገበሬ ዛሬ ልጁ በገዛ መሬቱ ላይ ዘበኛ ሆኗል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም.፣ ከዚያም ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በማስተር ፕላኑ ላይ የተነሣው ቁጣ ከሰማይ አልወረደም። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ ሲባል የብዙ ወጣት ደም ፈስሶ ነበር። ተፈናቃዩ ገበሬና ቤት የፈረሰበት ተከራይ ጠላቶች አይደሉም። ሁለቱንም ያፈናቀለ አንድ አሠራር ነው፤ መሬት የእኔ ነው፣ ዕቅዱም ምስጢሬ ነው የሚል አሠራር። ገዢዎች ግን ሁለቱ እንዲፋጠጡ እንጂ እንዲነጋገሩ አይፈልጉም።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? መንግሥት እስኪነቃ ልጅ አይጠብቅምና ጥቂት ምክር እንለግሳለን።

አንደኛ፣ ቤት ከማየታችሁ በፊት ትምህርት ቤት እዩ። ርዕሰ መምህሩን “በምን ቋንቋ ታስተምራላችሁ? ስምንተኛ ክፍልስ በምን ቋንቋ ይፈተናል? ባለፈው ዓመት ስንት አስፈትናችሁ ስንት አሳለፋችሁ? ፈቃዳችሁ ታድሷል?” በሏቸው። የሚያኮርፍ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሁለተኛ፣ መንገዱን በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ ልጁን ይዛችሁ ሞክሩት። እሑድ ከሰዓት በኋላ በደላላ መኪና የታየ ሰፈር ሁሉ ቅርብ ነው።

ሦስተኛ፣ ኪራይ ከሆነ ውል በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። “ስድስት ወር ቅድሚያ አምጣ” የሚለውን አከራይ ይህን አስታውሱት። ሁለት ዓመት ማለት ልጁ ቢያንስ ሁለት ክፍል ሳይናወጥ ይማራል ማለት ነው።

አራተኛ፣ የምትገዙ ከሆነ ካርታውን ደላላ እጅ ላይ ሳይሆን መሬት አስተዳደር መዝገብ ላይ እዩት። ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ ካርታ አይደለም፤ የመብራት ቆጣሪም ካርታ አይደለም።

አምስተኛ፣ የምትሄዱበትን ሕዝብ ቋንቋ ተማሩ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ጎረቤት ደግሞ በቋንቋው ሰላም ሲሉት ነው ጎረቤት የሚሆነው። ክፉ ቀን ሲመጣ በርን ከፍቶ የሚያስገባ ጎረቤት እንጂ ካርታ አይደለም።

ለሸገርና ለአዲስ አበባ አስተዳደሮች ያለን ጥያቄ ረጅም አይደለም። የሚፈርስ ሰፈር ካለ ዕቅዱ ዜጋው ጥሪቱን ከማፍሰሱ በፊት በየወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በትምህርት ዘመን መካከል የልጅ ቤት አይፍረስ። የሁለቱ ትምህርት ቢሮዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከአንዱ ወደ ሌላው ለሚዛወር ልጅ የቋንቋ መሸጋገሪያ ክፍል ይክፈቱ። ከከተሞቹ ጠዋት የሚነሳ የተማሪ አውቶቡስ ይመደብ። ይህን ለማድረግ ብድርም ዕርዳታም አያስፈልግም፤ ተነጋግሮ መስማማት ይበቃል። ለፓርክና ለፏፏቴ ገንዘብ ያላጣ መንግሥት ለአውቶቡስ አጣሁ ቢል የሚያምነው የለም።

የተሳሳተ ቤት የተከራየ ሰው ውሉ ሲያልቅ ሌላ ይፈልጋል። አምስተኛ ክፍልን ምንም ሳይገባው ያለፈ ልጅ ግን ያቺን ዓመት የሚመልስለት የለም። በመስከረም ደወል ሲደወል ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ፣ በማያውቀው ቋንቋ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አፍጥጦ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ሹማምንቱ መልስ መስጠት ያለባቸው ለእሱ ነው። የሰሚ ያለህ!