ቀዳዳው ሳይሰፋ

ደብዳቤ በፖስተኛ ትከሻ ተጭኖ ተራራና ሸለቆ ሲያቋርጥ በኖረበት ዘመን የምስጢሩ ጠባቂ የታሸገው ፖስታ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚጻጻፉት በኢሜይል ስለሆነ ምስጢሩን የመጠበቅ ኃላፊነት የወደቀው ኢሜይሉን በሚያሠራው ሶፍትዌር ላይ ነው። ሶፍትዌር ደግሞ የሰው ልጅ የአእምሮ ሥራ እንደመሆኑ መጠን ከጉድለት የጸዳ ሊሆን አይችልም። ስለሆነም የአንድ መሥሪያ ቤት ጥንቃቄ የሚመዘነው ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ ለመጠገን በሚፈጅበት ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የደረሰው ሁኔታ ለዚህ አብነት ይሆናል። ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የተባለው ሶፍትዌር በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ድርጅቶች በየራሳቸው ሰርቨር ላይ ጭነው ኢሜይላቸውን የሚያስተናግዱበት መሣሪያ ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ወር ዴቭኮር የተባለ የታይዋን የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅት በዚህ ሶፍትዌር ላይ ያገኘውን ጉድለት ለማይክሮሶፍት አስታወቀ። በኋላ እንደተገለጸው፣ ወራሪዎች የተጠቀሙባቸው ጉድለቶች አራት ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ ከውጭ የመጣ ባዕድ ያለ ይለፍ ቃል ራሱን ሰርቨሩን መስሎ እንዲገባ የሚያስችል ሲሆን፣ ከሌሎቹ መካከል ሁለቱ ደግሞ የገባው ሰው የፈለገውን ፋይል እንዲያኖር የሚፈቅዱ ነበሩ። ወራሪው በዚህ ዘዴ የሰው ደብዳቤ ከማንበቡም በላይ፣ በፈለገ ጊዜ የሚመለስበትን ስውር በር አበጅቶ ይሄድ ነበር።

ኩባንያው መጠገኛውን ያወጣው ማርች 2 ቀን ነው። መጠገኛ ማለት በተቀደደ ልብስ ላይ እንደሚጣፍ እራፊ፣ የሶፍትዌሩን ቀዳዳ የሚደፍን ጽሑፍ ነው። ነገር ግን መጠገኛው በይፋ ሲወጣ ሌባውም አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ቀዳዳው የት እንደነበረ ለማወቅ ይችላል። በዚህም ምክንያት ከዚያች ቀን በኋላ ጥቃቱ ይበልጥ ተስፋፋ። የአውሮፓ የባንክ ባለሥልጣን ለጥንቃቄ ሲል የኢሜይል አገልግሎቱን ለጊዜው አቋረጠ፤ የኖርዌይ ፓርላማም መረጃ እንደተወሰደበት ማርች 10 ቀን አስታወቀ።

አንዳንድ ሰዎች «ለጥገና ሲባል ሥራ ለምን ይቆማል?» ይላሉ። እርግጥ ሰርቨሩ ሲጠገን አገልግሎቱ ለጥቂት ሰዓት ይቋረጥ ይሆናል። ይሁን እንጂ የጥቂት ሰዓት መቋረጥ አስቀድሞ ሊታቀድ ይችላል፤ ወራሪ የሚያስከትለው መቋረጥ ግን ቀን ቆርጦ አይመጣም። ሌሎች ደግሞ «ጥፋቱ የሠሪው ስለሆነ ሠሪው ይጠየቅ» ይላሉ። ሠሪው ተጠያቂ መሆኑ አይካድም። ሆኖም መጠገኛው በእጁ እያለ ያልተጠቀመበት ባለቤት ከኃላፊነት ሊያመልጥ አይገባውም፤ በሰርቨሩ ውስጥ ያለው ደብዳቤ እርሱን ያመኑት ሰዎች አደራ ነውና።

በሌላ በኩል ቀዳዳውን መድፈን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። ሌባው አስቀድሞ ገብቶ ከሆነ በሩን መቆለፍ እርሱን ከውስጥ አያስወጣውም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ የፍርድ ቤት ፈቃድ አግኝቶ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ የቀሩትን ስውር በሮች ባለቤቶቹ ሳያውቁ ማስወገዱ ተገለጸ። ቢሮው ግን ጉድለቶቹን አልጠገነም፤ ጥገናው ለባለቤቶቹ የተተወ ነበር። ቤቱን በጊዜው ያልጠበቀ ሰው ቤቱ በሌላ እጅ ሲፈተሽ ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ የጠገነ ሁሉ ከጥገናው በኋላ ውስጡን መመርመር ይኖርበታል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ከጉዳት በኋላ የሚሰማ ጩኸት የሄደውን አይመልስም። ይህ ምክር ታላላቅ መሥሪያ ቤቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በእጅ ስልኩ ላይ «አዲስ ማሻሻያ መጥቷል» የሚል መልእክት ሲያይ «ነገ» እያለ የሚያልፍ ተማሪም ያንኑ ቀዳዳ ክፍት ትቶ እንደሚያድር ሊያውቅ ይገባዋል። ማሻሻያውን ከትክክለኛው ሠሪ መምጣቱን አረጋግጦ በዕለቱ መጫን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም።