የወለቀ ጥርስ ቦታው ባዶ ይቅር?



የፊት ጥርስ ሲወልቅ ሰው ሳቁን በእጁ ይሸፍናልና ቶሎ ሐኪም ፍለጋ ይወጣል። መንጋጋ ሲነቀል ግን «ሕመሙ ለቀቀኝ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» ይባላል። የመጨረሻው መንጋጋ ብቻ ከሆነ እርግጥ ሐኪሙም «ተወው» ሊል ይችላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ክፍተት ከቆየ ግን ብዙ ጊዜ የግራ ቀኙ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ይጋደላሉ፤ በትይዩ ያለውም ማረፊያ አጥቶ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ሥሩን ይዞ የነበረው የመንጋጭላ አጥንትም እየሟሸሸ ይሄዳል። ያን ጊዜ ለመተካት ቢታሰብ ሥራው ይከብዳል፣ ወጪውም ይንራል።

በዋጋ የሚቀለው ከፕላስቲክ የሚሠራው፣ ወልቆ የሚገባው ጥርስ ነው። ሰው መጀመሪያ አካባቢ ቢኮላተፍም ይለምደዋል። ማታ ወልቆ፣ በብሩሽ ታጥቦ፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ማደር አለበት። በፈላ ውኃ ከታጠበ ቅርጹ ይበላሻል። እናቶቻችን ሌሊቱንም አፋቸው ውስጥ ይዘውት ሲያድሩ ላንቃቸው ይቆስላል።

ሁለተኛው ድልድይ የሚባለው ነው። አይነቃነቅም፣ ለማኘክም ይመቻል። ነገር ግን ለመደገፊያ ሲባል ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ይለበጣሉ። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ጎረቤቶቹ ቀድሞውንም የተቦረቦሩ ከሆኑ ጉዳት የለውም፤ ጤነኞች ከሆኑ ግን ለአንድ ሲባል ሁለት መንካት ነውና ደጋግሞ ማሰብ ይገባል።

ሦስተኛው ኢምፕላንት ነው። ከቲታኒየም የተሠራ ብሎን አጥንት ውስጥ ተተክሎ፣ አጥንቱ ከያዘው በኋላ ጥርስ ይታሰርበታል። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተከሉት ነው። ጎረቤት ጥርስ አይነካም። ሆኖም ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያስጠብቃል። ሲጋራ የሚያጨስና ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰው ሊከሽፍበት ይችላል። መንጋጭላቸው አድጎ ላልጨረሰ ልጆች አይተከልም፤ እስከዚያው የሚወልቀው ይበቃቸዋል።

የወርቅ ጥርስስ? ወርቅ ለወንድ ጌጥነቱ ክልክል መሆኑ የታወቀ ነው። ሶሓባው ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ (ረ.ዐ) በኩላብ ውጊያ አፍንጫቸው ተቆርጦ የብር ቢያሠሩ ስለሸተተባቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ እንዲያሠሩ አዝዘዋቸዋል። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ዑለሞች ጥርስንም በዚሁ መዝነው ለችግር ሲሆን ፈቅደዋል። ዛሬ ግን የጥርስ መልክ ያለው ፖርሲሊን ስላለ ያ ችግር እምብዛም አያጋጥምም። እኅቶችም ወርቅ ቢፈቀድላቸው፣ ለጌጥ ብለው ጤነኛ ጥርስ ማስሞረዳቸው ለእኛ አይዋጥልንም።

ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቡ ከዋጋው በፊት አጥንቱ በራጅ ታይቶ እንደሆነ፣ የትኞቹ ጥርሶች እንደሚሞረዱ ጠይቁ። ድድ የሚደማ ከሆነ እሱ ቀድሞ ይታከም።