መርፌው ከክኒኑ ያላቅቃል ወይ?

ከጥቂት ወራት በፊት እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ፣ ቡና ልንጠጣ በተቀመጥንበት ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ጥቃቅን ቀያይ ነጥቦች አሳየኝ። «አምስት መርፌ ይተክሉልኛል፤ ግማሽ ሰዓት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ ማታ እንቅልፍ ይወስደኛል» አለኝ። ነገሩ የጀመረው ከወገቡ ነው። ለወገብ ሕመም የታዘዘለት ማስታገሻ ክኒን ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ እርሱ ከአልጋ መነሣት የማይችልበት ነገር ሆነ። ለባለቤቱ የነገራት ራሱ ዘግይቶ ነው። ሐኪሙ ቡፕረኖርፊን የተባለ መድኃኒት እንዲጀምር ቢመክረውም «ሱስን በሱስ መለወጥ ነው» ብሎ እምቢ ብሏል። «መርፌው ይበቃኛል አይደል? አንተ ታነባለህ፤ እስቲ እውነቱን ንገረኝ» አለኝ።

አንብቤ ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አገራችን ውስጥ መርፌ ያልተወጋ ሰው እንደታከመ አይቆጥረውም። ይህኛው መርፌ ግን በውስጡ ምንም መድኃኒት የለውም። የቻይናውያኑ አኩፓንክቸር ለሱስ መዋል የጀመረውም በአጋጣሚ ነው። በ1972 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ዶክተር ዌን የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ እንዲሆን በመርፌና በቀላል ኤሌክትሪክ ሲሞክሩ፣ ኦፒየም አጫሽ የነበረ በሽተኛቸው ከሱሱ ሲለይ የሚመጣበት ስቃይ እንደቀለለት ነገራቸው። በሌሎችም ላይ ሞክረው በቀጣዩ ዓመት ውጤቱን አሳተሙ።

ከዚያ ወሬው ኒውዮርክ ደረሰ። በደቡብ ብሮንክስ የሚገኘው ሊንከን ሆስፒታል በ1970 በፖርቶሪኮና በጥቁር አሜሪካውያን ወጣት ታጋዮች ተይዞ፣ በሄሮይን ለሚያልቀው ሰፈር የሱስ ሕክምና ክፍል እንዲከፈት ተገዶ ነበር። ክፍሉ ሥራውን የጀመረው በሜታዶን ሲሆን ወጣቶቹ ግን ሜታዶንን «የመንግሥት ሰንሰለት» አድርገው ያዩት ስለነበር ወደ መርፌው አዘነበሉ። ከእነርሱ አንዱ የራፐሩ ቱፓክ ሻኩር የእንጀራ አባት ሙቱሉ ሻኩር ነበር። በኋላ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ማይክል ስሚዝ አሠራሩን በጆሮ ላይ ባሉ አምስት ነጥቦች ወስነው፣ በ1985 የተቋቋመው ናዳ የተባለው ማኅበር አስፋፋው። ወዳጄ ጆሮ ላይ ያየሁት ያንኑ ነው። እንግዲህ «ሱስን በሱስ» የሚለው የወዳጄ ቃል አዲስ አይደለም፤ ከሃምሳ ዓመት በፊትም ሊንከን ውስጥ ሲባል የነበረ ነው።

መርፌው የሚሠራው ነገር አለ? አለ። የቤጂንጉ ተመራማሪ ሀን ጂሼንግ መርፌና ኤሌክትሪክ አንጎላችን ራሱ የሚያመርታቸውን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች እንደሚያስለቅቁ ለአሥርት ዓመታት ሲያጠኑ ኖረዋል። ክኒኑ የሚያንኳኳውን በር መርፌውም ከውስጥ በኩል በትንሹ ያንኳኳል እንደማለት ነው። ሆኖም የሆነ ነገር መለቀቁና ሰውን ከሱስ ማላቀቁ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ2000 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ82 የኮኬይን ሱሰኞች ላይ የጆሮ መርፌን ሞክረው ጥሩ ውጤት አገኙ፤ ጋዜጦችም ጮኹ። ያው ቡድን በ2002 ሙከራውን አስፍቶ 620 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ሁለተኛው ሌላ ቦታ ላይ ሲወጋ ሦስተኛው ዘና የሚያደርግ ፊልም ተመለከተ። በሦስቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። በበኩሌ እነዚህን ተመራማሪዎች አከብራቸዋለሁ፤ የራስን መልካም ዜና በራስ እጅ ማፍረስ ቀላል አይደለም።

ኮኬይን ግን ክኒን አይደለም። ለወዳጄ ጉዳይ የሚቀርበው ጥናት በ2024 ከቻይና የወጣው ነው። ሜታዶን የሚወስዱ 118 ሰዎች ለስምንት ሳምንታት ግማሾቹ እውነተኛ፣ ግማሾቹ የይስሙላ መርፌ ተደረገላቸው። ሜታዶናቸውን ቢያንስ በ20 በመቶ የቀነሱት ከእውነተኛዎቹ 62 በመቶ፣ ከይስሙላዎቹ 29 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ሰዎቹ መድኃኒቱን ትተው አይደለም መርፌ የተወጉት፤ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው።

ወዳጄ ያልገባው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ክኒኑን ያቆመ ሰው ሰውነቱ መጠኑን መቋቋም ይረሳል። ከሳምንታት በኋላ አንድ ክፉ ቀን መጥቶ ያን የለመደውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን ሰውነቱን ስለሚጠብቁት የሞት አደጋውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2005 ጀምሮ ሁለቱን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ለመርፌው እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም። ስለዚህ መርፌ መወጋቱ አይጎዳውም፤ መርፌውን መድኃኒቱን ላለመውሰድ ምክንያት ማድረጉ ግን ሊገድለው ይችላል።

ያለነው ደግሞ አሜሪካ ነው። ኦክሲኮንቲን የተባለው ክኒን በ1996 ገበያ ከወጣ ወዲህ የሆነው ይታወቃል፤ አምራቹ ፐርዱ ፋርማ በ2020 በወንጀል ጥፋተኛ መሆኑን አምኗል። በ2021 ከመጠን በላይ አደንዛዥ ዕፅ ወስደው የሞቱት ከ100 ሺሕ በላይ ነበሩ፤ በ2024 ወደ 80 ሺሕ ገደማ ወረደ። የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን ሜዲኬር ከ2020 ጀምሮ ለቆየ የወገብ ሕመም የአኩፓንክቸር ወጪ መሸፈን ጀምሯል፤ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት እስከ 12 ጊዜ፣ ከተሻለው ተጨማሪ 8። ይህ ለወገብ ነው፤ ለሱስ አይደለም። እኔ ግን ውሳኔው ትክክለኛውን ቦታ ያገኘ ይመስለኛል። ወዳጄ ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት ወገቡን በመርፌ ቢታከም ኖሮ ምናልባት ዛሬ ጆሮውን ባላሳየኝ ነበር።

ወገናችን ይህን ጉዳይ አይናገረውም። ሱሰኛ ማለት ጫት ቤት የሚውል ወይም መንገድ ላይ የወደቀ ነው ብለን ስለምናስብ፣ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን የሚውጥ የቤተሰብ አባወራ በስሙ አይጠራም። ወዳጄም የሚፈራው መድኃኒቱን ሳይሆን ፋርማሲው ደጃፍ ላይ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነው። ይህን ራሱ አልሸሸገኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ደውዬ ያነበብኩትን ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ታዲያ ሁለቱንም ልያዝ ማለትህ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። የሐኪሙ ቀጠሮ ለረቡዕ ነው። ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ትንፋሽ የሚመልሰውን የአፍንጫ መርጫ ናሎክሶን ደግሞ፣ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጥ፣ ባለቤቱ በዚያው ዕለት ገዝታ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች።