ከባሕራችን የተቀዳ ውሃ ሰነድ ይኑረው

ጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ወቅት አንድ ወሬ አናጣም፤ «አርታ ፕላዥ ዌል ሻርኮቹ መጥተዋል» ይባላል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሬኬን ባሌን የሚሏቸው እነዚህ እንስሳት በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ግዙፎቹ ናቸው። ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ገና ያልደረሱ ወጣት ወንዶች መሆናቸውን ጥናቶች አሳይተዋል። ከየት ይመጣሉ? ሴቶቹስ የት ቀሩ? ተማሪዎች በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሱ ከአንድ አገር ተመራማሪዎች ብቻ የሚገኝ አይደለም።

ዛሬ ዓሣውን ሳይነኩ ስለ ዓሣው ማወቅ የሚቻልበት መንገድ አለ። ማንኛውም እንስሳ ከቆዳው፣ ከምራቁና ከዓይነ ምድሩ ጥቃቅን ሕዋሳትን በዙሪያው ይጥላል። በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እስኪበሰብስ ድረስ ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ውሃው ውስጥ ይቆያል። ተመራማሪዎች ውሃውን ቀድተው በደቃቅ ማጣሪያ ያሳልፋሉ፤ ማጣሪያው ላይ የቀረውን ዲኤንኤ በላቦራቶሪ አባዝተው ያነቡታል፤ ያነበቡትንም ቀደም ሲል ከታወቁ ዝርያዎች ዲኤንኤ ጋር ያመሳክራሉ። ይህ የአካባቢ ዲኤንኤ ይባላል። ከአፈርና ከአየርም ሊወሰድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የዴንማርክና የኳታር ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ይህን ዘዴ በኳታር ባሕር፣ አል ሻሂን በሚባለው የነዳጅ ማውጫ አካባቢ በሚሰበሰቡ ዌል ሻርኮች ላይ ሞከረው። ከባሕሩ ከተቀዳው ውሃ ብቻ የዓሦቹን የእናት ዘር ሐረግ ዓይነቶች ለይተው አወቁ። ውጤቱም ከዓሦቹ ሥጋ ላይ በቀጥታ ከተወሰደው ናሙና ጋር ተቀራረበ። የኳታሮቹ ዌል ሻርኮች ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖስ ወገኖቻቸው ጋር እንደሚዛመዱም ታወቀ። ይህ የመጨረሻው ግኝት የተገኘው ግን ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ዓመት ያነበቡትን የዌል ሻርክ ዲኤንኤ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ አስቀምጠውት ስለነበር ነው። ያ መረጃ በአንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ኳታሮቹ የሚያወዳድሩት ነገር አይኖራቸውም ነበር።

የእኔም አስተያየት የሚነሣው ከዚህ ነው። ከባሕራችን፣ ከሐይቆቻችንና ከወንዞቻችን የሚወሰድ የዲኤንኤ መረጃ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። ክፍት መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሌላ ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ አንሥቶ ሊሠራበት በሚችል መልክ መቀመጥ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተሙ በዓለም የታወቁ መርሆችም ይህንኑ ይላሉ፤ መረጃ ሲፈለግ የሚገኝ፣ ሊደረስበት የሚችል፣ ከሌላ መረጃ ጋር የሚግባባ፣ ተመልሶም የሚያገለግል ይሁን ነው የሚሉት።

ትራንዚተር የሆናችሁ ወላጆች ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ዶራሌ ወደብ ላይ የተራገፈ ኮንቴነር ውስጡ ወርቅ ቢሆን እንኳ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ከጠፋ፣ ዲክላራሲዮኑም ካልተሞላ የትም አይንቀሳቀስም። የዲኤንኤ መረጃም እንዲሁ ነው። ውሃው የት ተቀዳ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ከምን ያህል ጥልቀት፣ ስንት ሊትር፣ ቀዳዳው ምን ያህል በሆነ ማጣሪያ፣ ላቦራቶሪው የትኛውን የዲኤንኤ ክፍል ነው ያባዛው፣ ከየትኛው የማመሳከሪያ ስብስብ ጋር ነው ያስተያየው? ንጹሕ ውሃ አብሮ ተፈትኖ ብክለት አለመኖሩ ተረጋግጧል? እነዚህ ካልተጻፉ የቀረው የአራት ፊደላት ክምር ነው።

የእኛ ነገር ደግሞ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በሁለት የዘመን አቆጣጠርና በሁለት የሰዓት አቆጣጠር መካከል የምንኖር ሰዎች ነንና። አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አርታ ውሃ ቀዳ እንበል። በደብተሩ ላይ 5/3/2015፣ 2 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። ጅቡቲያዊው ባልደረባው ይህን መጋቢት 2015 ብሎ ያነበዋል፤ አሜሪካዊው ደግሞ ሜይ 2015 ይለዋል፤ ሁለቱም ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያደርጉታል። እውነተኛው ቀን በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ቀን 2022 ነው፣ ሰዓቱም ጠዋት 8። እንግዲህ የዌል ሻርኮቹ ዋና ወቅት በሆነው ኖቬምበር የተገኘ ዲኤንኤ በመረጃ ቋት ውስጥ የሜይ ሆኖ ይቀመጣል፤ ያውም ከሰባት ዓመት በፊት። ከዚያ በኋላ አንዱ ተነሥቶ «ዌል ሻርኮች ወቅታቸውን ቀይረዋል» የሚል ጽሑፍ ቢያወጣ በማን ይፈረዳል? መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዓለም አቀፉ አጻጻፍ ዓመቱን አስቀድሞ 2022-11-14 ማለትና የየትኛው አገር ሰዓት መሆኑን መጥቀስ ይበቃል። የራሳችንን ቀን ከጎኑ መጻፍ ማንም አይከለክለንም፤ እኔ እንዲያውም ብንጽፈው ደስ ይለኛል።

ያልተነበበውን ጥሬ መረጃ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል ለሚል ሰው ወደ ጣና ሐይቅ ልውሰደው። በባሕር ዳር ገበያ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚባሉት ሌቢዮባርበስ የተሰኙት ዓሦች ወደ 15 የሚጠጉ፣ በሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች አሏቸው። ዝርያዎቹ የተለያዩት በቅርብ ዘመን ስለሆነ የተለመዱት የዲኤንኤ መለያዎች አንዱን ከሌላው በወጉ አይለዩም። ስለዚህ ዛሬ ከጣና ውሃ ቀድቶ የዝርያ ስም ብቻ ዘርዝሮ የሚያሳትም ተመራማሪ ስሕተት ሊያወርስ ይችላል። የተነበበው ዲኤንኤ ራሱ ከተቀመጠ ግን ማመሳከሪያው በተሻሻለ ጊዜ ሌላ ሰው አሮጌውን መረጃ እንደገና አንብቦ ትክክለኛውን ስም ይሰጠዋል። ያለፈ ዓመትን ውሃ ግን ተመልሶ መቅዳት አይቻልም።

ጉዳዩ የዓሣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በቤታችን የገባ ምሳሌም አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ መኖሪያዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር ነበር። በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ ዓመት በጅቡቲ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆኑ። ለዚህ ብቸኛዋ ምክንያት ትንኟ ናት ባይባልም ዋና ተጠርጣሪ ናት፤ በበርሚልና በሮቶ በተጠራቀመ ውሃ ስለምትራባ ለከተማ ትስማማለች። በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ኢትዮጵያ መግባቷ ታወቀ፤ በኋላም ድሬዳዋ ደረሰች። የኢትዮጵያዋ ትንኝ ማንነቷ የተረጋገጠው ዲኤንኤዋ ተነብቦ ጂንባንክ በሚባለው፣ ከ1982 ጀምሮ ለማንም ክፍት በሆነው የአሜሪካ ስብስብ ካሉት ጋር ተስተያይቶ ነው፤ በጣም የምትቀርበውም ከፓኪስታን ለመጡት ሆና ተገኘች። ፓኪስታን ያለ ሰው የለገሰው መረጃ ለቀብሪ ደሃር ሕዝብ ጠቀመ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ትንኟን ሳያዩ እጮቿ ከኖሩበት ውሃ በዲኤንኤ መለየት እንደሚቻል በሙከራ ታይቷል። በወደባችን በኩል በመርከብ የሚመጣ ሌላ እንግዳ ዝርያ ቢኖርም እንግዳ መሆኑን የምናውቀው፣ የትናንቱ ነዋሪ ማን እንደነበር ተመዝግቦ ከቆየን ነው።

ሁሉን ክፍት ማድረግ ያሰጋናል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። የጤፍን ነገር ማን ይረሳዋል? እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የደች ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ኩባንያው ግን በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አወጣ፤ ኢትዮጵያም ከስምምነቱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘችም። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ፈጠራ የሚባል ነገር የለበትም ብሎ ሻረው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው መደበቅን አይደለም። ቀን ተጽፎበት በይፋ የተመዘገበ ዕውቀትን ሌላው «እኔ ፈጠርኩት» ለማለት ይቸገራል። የተደበቀ ዕውቀት ግን ምስክር የለውም። የጥቅም መጋራቱ ነገር ገና ብዙ ይቀረዋል፤ በ2025 የተቋቋመው የካሊ ፈንድ በዲኤንኤ መረጃ የሚያተርፉ ኩባንያዎች ድርሻ እንዲያዋጡ ይጠይቃል፣ አያስገድድም። እስከዚያው ቢያንስ የተቀዳበት አገርና የቀዳው ሰው ስም ከመረጃው እንዳይለይ አጥብቀን እንጠይቅ።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አለበት፤ እሱም የብርቅዬ እንስሳት ትክክለኛ አድራሻ። በጎዳ ተራሮች፣ በዴይ ደን ጽዶች መካከል የምትኖረው የጅቡቲ ቆቅ ከዚህች አገር በቀር የትም የለችም፤ ከምድር ለመጥፋትም በእጅጉ ከተቃረቡት ወፎች ተቆጥራለች። የጎጆዋን ነጥብ በካርታ ላይ ማውጣት ለአዳኝ መንገድ ማሳየት ነው። ትልልቆቹ የመረጃ ቋቶችም ለእንዲህ ዓይነቶቹ ቦታውን አደብዝዞ ማቅረብን ይመክራሉ።

ይህ ሁሉ የትልልቅ ላቦራቶሪዎች ሥራ ነው፣ ትምህርት ቤት ምን አገባው የሚል ወላጅ አይጠፋም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 እና 2023 በ21 የባሕር ቅርስ ቦታዎች ውሃ ሲያስቀዳ ከቀጂዎቹ ብዙዎቹ የአካባቢው ተማሪዎች ነበሩ፤ ውጤቱም ለሁሉም ክፍት ሆኗል። እኛ የዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያ የለንም። ስልክና ደብተር ግን አለን። አይናቹራሊስት በሚባለው መተግበሪያ ላይ ቀኑና ቦታው በትክክል ተይዞ፣ ለጋራ አገልግሎት ተፈቅዶ የተጫነና ሌሎች ያረጋገጡት ፎቶግራፍ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኮፐንሃገን ወደሆነው ጂቢፍ ወደተባለው የዓለም የብዝኀ ሕይወት መረጃ ቋት ይገባል። አንድ ቀን ተመራማሪ መጥቶ ከዚህ ባሕር ውሃ ሲቀዳ ዲኤንኤው የነገረውን ዓይን ካየው ጋር የሚያስተያየው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለወላጆች ኮሚቴ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በወር አንድ ቅዳሜ፣ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት፣ ከመምህርና ከወላጅ ጋር ወደ ሲየስታ ዳርቻ ይውረዱ። ሸርጣኑን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ወፉን ፎቶ አንሥተው በመምህሩ አካውንት ይጫኑ። የውሃውን ሙቀት፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በጅቡቲ አቆጣጠር በአንድ ወፍራም ደብተር ይመዝግቡ፤ የእንስሳቱን የአፋርኛና የሶማልኛ ስም ከዓሣ አጥማጆቹ ጠይቀው ከሳይንሳዊው ስም ጎን ይጻፉ። ለደብተሩ የሚያስፈልገው መደርደሪያ ከቤተ ሙከራው በር አጠገብ ባዶውን አለ፤ ቴርሞሜትሩን እኔ አመጣለሁ።