የጠመንጃ ስምና የጥይት ልክ

የጎጃምን የአርበኝነት ዘመን የሚመለከቱ ጥናቶች መሣሪያን የሚጠቅሱት አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ነው። ወጅግራ፣ አልቤን፣ ለበን፣ ምንሽር የሚሉት ስሞች ከፉከራውና ከቀረርቶው ተነሥተው በቀጥታ ወደ ጥናቱ ገጽ ይገባሉ። ስሙ ግን አርበኛው በእጁ ያለውን ጥይት መተኮስ ይችል እንደነበረ አይናገርም። ይህን የሚወስነው የአፈሙዙ ስፋትና የቀለሁ ልክ ነው። (ሚሊ ሜትር ለፉከራ እንደማይመች የታወቀ ነው፤ ለጥናት ግን ሊመች ይገባል።)

ልኩን መለወጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ጣሊያን ራሷ አሳይታለች። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው የጣሊያን እግረኛ ዋና ጠመንጃ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰው ካርካኖ ነበር። አረሩ ረጅምና አፍንጫው ድቡልቡል በመሆኑ የመምታት ኃይሉ አያጠግብም የሚል ቅሬታ ከሊቢያም ከኢትዮጵያም ዘመቻ ቀረበ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ጎጃም ገና በዐመፅ ላይ ሳለ፣ ጥይቱ ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር እንዲሰፋ ተወሰነ። ዘዴው ቁጠባን የተከተለ ነበር። መቀርቀሪያው አልተለወጠም፤ ስድስቱን ጥይት የሚይዘው ማቀፊያም እንዳለ ቀረ፤ የቀለሁ አንገት ሰፋ፤ አረሩ ከ10.5 ግራም ወደ 8.3 ግራም ገደማ ቀሎ ሹል ሆነ፤ አፈሙዙ በሰፊ ተተካ። በወረቀት ላይ የሚነቀፍ ነገር አልነበረውም። ነገር ግን መጋዘኑ በ6.5 ጥይት የተሞላ ነበር፤ የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሁለት ዓይነት ጥይት ለአንድ ጦር ማቅረብ ስላልተቻለ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ከአዲሶቹም ጠመንጃዎች ከ90 ሺህ በላይ ለፊንላንድ ተላኩ።

ፋብሪካ ያለው መንግሥት ያልዘለቀውን ነገር አርበኛው ሊሞክረው አይችልም ነበር። ለእርሱ የነበረው ምርጫ ጥይቱ ከማን እንደሚማረክ ማወቅ ነው። ጉዳዩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። ጣሊያን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያገኘቻቸውን የኦስትሪያ ማንሊከሮች ለቅኝ ግዛት ወታደሮቿ አስታጥቃ ነበር፤ የእነዚህ ጥይት 8 ሚሊ ሜትር ነው። ካርካኖውም ማንሊከር ካርካኖ ይባላል። እንግዲህ በቃለ መጠይቅ «ምንሽር ማረክን» ሲባል ከአስካሪ የተወሰደው ጠመንጃ ነው ወይስ ከጣሊያን እግረኛ? ሁለቱ ጥይት አይለዋወጡም። አንዱን ከሌላው ሳይለይ የሚጻፍ የትጥቅ ታሪክ ማን ከማን ጋር እንደተዋጋና ማን ስንቅ እንዳጣ ሊያስረዳ አይችልም።

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በቤተሰብ እጅ የቆዩ ጠመንጃዎችን የሚመዘግብ ተመራማሪ ከስሙ ጎን ልኩን ሊጽፍ ይገባዋል። መልክ አይበቃም፤ በጦርነቱ መጨረሻ ጀርመኖች ጥቂት ካርካኖዎችን ለራሳቸው 7.92 ጥይት ለውጠዋል። ለመለካት ባዶውን አፈሙዝ መለካት እንጂ ጥይት ማጉረስ አያስፈልግም። ያረጀ ጠመንጃ በገበያ ለተገኘ ትልቅ ጥይት እንዲሰፋ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ የሚደገፍ አይደለም፤ ብረቱ የተሠራው ለተወሰነ ግፊት ስለሆነ በተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

ጠመንጃው ባይገኝ እንኳ ቀለህ ይገኛል። በጣሊያን ቀለሆች ግርጌ የፋብሪካው ምልክትና የተሠሩበት ዓመት ተቀርጿል፤ አንዲት ቀለህ ከዘጌ ወይም ከመራዊ ብትገኝ ጥይቱ ከየትኛው ዓመት በኋላ እንደደረሰ ትናገራለች። እስካሁን ግን በቃለ መጠይቅ ቅጾች ላይ ለቀለህ የተተወ መስመር የለም።