የግላዊነት ዕጣ በነባሪው ቅንብር ይወሰናል

ስለ ሶፍትዌርና ስለ ኢንተርኔት ግላዊነት በሚደረገው ክርክር ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጣለው በተጠቃሚው ላይ ነው፤ ረጅሙን የአገልግሎት ውል ሳያነብ «እስማማለሁ» ብሏል፣ የስልኩን ቅንብሮች አልፈተሸም፣ መልእክቱን መመስጠር አልተማረም ይባላል። ይህ አመለካከት በተለይ በቴክኖሎጂው በተካኑ ሰዎች ዘንድ የበረታ ነው፤ እነርሱ ቅንብሮቹን አንድ በአንድ መርምረው ማስተካከል ስለሚችሉ ሌላውም ቢተጋ ይህ አያቅተውም ብለው ያምናሉ። ያለፉት 30 ዓመታት ታሪክ ግን ይህን እምነት አይደግፈውም። የብዙኃኑን ግላዊነት የሚወስነው ነባሪው ቅንብር፣ ማለትም ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ሶፍትዌሩ የሚሠራበት፣ አምራቹ አስቀድሞ የመረጠው አሠራር ነው፤ ስለዚህም ተጠያቂነቱ ያንን ምርጫ ወዳደረገው ወገን መዞር ይገባዋል።

ለዚህ አንዱ ማስረጃ የምስጠራ ታሪክ ነው። ምስጠራ አንድን መልእክት ቁልፉን ከያዘው በቀር ማንም ሊያነበው ወደማይችል መልክ የመለወጥ ጥበብ ነው። አሜሪካዊው ፊል ዚመርማን እ.ኤ.አ. በ1991 ፒጂፒ የተባለውን ፕሮግራም በነፃ ባሰራጨ ጊዜ ጠንካራ ምስጠራ ለተራው የኮምፒውተር ተጠቃሚ ደረሰ። ስሌቱ አስተማማኝ ቢሆንም፣ ፕሮግራሙ ለሁሉም የሚሰጠውን ይፋዊ ቁልፍ ባለቤቱ ብቻ ከሚይዘው የግል ቁልፍ ለይቶ ማወቅንና ሁለቱን በየቦታቸው መጠቀምን ይጠይቅ ነበር። አልማ ዊተንና ዳግ ታይጋር በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢሜይል የለመዱ 12 ሰዎች በፒጂፒ መልእክት ፈርመውና መስጥረው እንዲልኩ 90 ደቂቃ ቢሰጣቸው በትክክል የተሳካላቸው ሲሶው ብቻ ሲሆኑ፣ ሦስቱ ደግሞ ምስጢራዊውን መልእክት በስህተት ሳይመሰጥሩት ላኩት። ፈቃደኛ የሆነና ጊዜ የተሰጠው ሰው ይህን ያህል ከተቸገረ፣ ሥራና ኑሮ የሚያጣድፈውን ተጠቃሚ በቸልተኝነት መክሰስ ፍትሐዊ አይሆንም።

ትምህርትና ምክር በሩብ ምዕተ ዓመት ያላመጡትን ለውጥ ያመጣው የነባሪ ቅንብር ውሳኔ ነው። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ከአንድ ቢሊዮን ለሚበልጡ ተጠቃሚዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ምስጠራን፣ ማለትም መልእክቱ በላኪው ስልክ ተቆልፎ በተቀባዩ ስልክ ብቻ የሚከፈትበትንና ኩባንያው ራሱ ሊያነበው የማይችልበትን ሥርዓት፣ ማንም ምንም ሳይጫን ሥራ ላይ አዋለው። በኢትዮጵያ እጅግ የተስፋፋው ቴሌግራም ግን ሌላ መንገድ መርጧል፤ መደበኛ ውይይቶቹ በኩባንያው ሰርቨሮች የሚቀመጡ ሲሆን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቀው ምስጠራ የሚገኘው ተጠቃሚው ለአንድ ሰው ብቻ ለይቶ በሚከፍተው ምስጢራዊ ውይይት ነው፤ ለቡድን መልእክቶች ጭራሹን የለም። ቴክኒኩ በሁለቱም ዘንድ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱን የፈጠረው የትኛው አስቀድሞ ይበራ የሚለው ውሳኔ ነው።

በድረ ገጾች ዓለም ደግሞ ነባሪው ቅንብር ለተቃራኒው ዓላማ ውሏል። የኔትስኬፕ መሐንዲስ የነበረው ሉ ሞንቱሊ በ1994 የፈለሰፈው ኩኪ፣ አንድ ድረ ገጽ ተመላልሶ የሚመጣውን ጎብኚ እንዲያስታውስ በብራውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ ነው። የማስታወቂያ ድርጅቶች በብዙ ድረ ገጾች ላይ የየራሳቸውን ኩኪ እያስቀመጡ የአንዱን ሰው ጉዞ ከገጽ ወደ ገጽ መከተል ሲጀምሩ፣ የኢንተርኔት ደንቦችን የሚያወጣው አካል በየካቲት 1997 ባሳተመው ሰነድ እንዲህ ያሉት የሦስተኛ ወገን ኩኪዎች በነባሪነት እንዳይፈቀዱ አሳሰበ። ብራውዘር አምራቾቹ ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት ማሳሰቢያውን ሳይቀበሉ ስለቀሩ፣ ዛሬ የምናየው የክትትል ንግድ በዚያ ክፍተት ላይ ተገነባ። ፋየርፎክስ በ2019 የታወቁ የክትትል ኩኪዎችን፣ ሳፋሪ ደግሞ በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ሁሉ በነባሪነት አገዱ፤ ዋና ገቢው ከማስታወቂያ የሚመነጨው ጉግል ግን በ2020 ለክሮም የገባውን ተመሳሳይ ቃል ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ በ2024 ተወው።

«ተጠቃሚው ፈቅዷል» የሚለው መከላከያም ሲመረመር አይጸናም። አሊሺያ ማክዶናልድና ሎሪ ክሬነር በ2008 ባሳተሙት ስሌት፣ አንድ አሜሪካዊ የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግላዊነት መግለጫ ሁሉ ለማንበብ በዓመት 244 ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ሊነበብ በማይችል ሰነድ ላይ የተሰጠ ስምምነት ከስምምነት ሊቆጠር አይገባም። አፕል በ2021 የአይፎን አፕሊኬሽኖች ተጠቃሚውን በሌሎች አፕሊኬሽኖች ውስጥ ለመከታተል አስቀድመው በግልጽ እንዲጠይቁ ባስገደደ ጊዜ፣ ገቢው ከማስታወቂያ የሚመነጨው ሜታ በ2022 ሊያጣው የሚችለውን ገቢ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ገመተ። ቀድሞ በዝምታ ይወሰድ የነበረው «ፈቃድ» ምን ያህል ውድ እንደነበረና ሰዎች በግልጽ ሲጠየቁ ምን ያህሉ እንደሚነፍጉት ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

እርግጥ ነባሪ ቅንብር ሁሉን አይፈታም። የተመሰጠረ መልእክት ይዘቱ ቢደበቅም ማን ለማን መቼ እንደጻፈ ሊታወቅ ይችላል፤ ስልኩ ራሱ በስለላ ሶፍትዌር ከተያዘም ምስጠራው አያድንም፤ የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 በውጭ አገር የሚኖሩ የኢሳት ጋዜጠኞች የዚህ ዓይነት ጥቃት ዒላማ መሆናቸውን ይፋ ማድረጉ ይታወሳል። አንዳንዶች ደግሞ ጥብቅ ነባሪ ቅንብር የተጠቃሚውን ምርጫ ይነጥቃል ይላሉ፤ ነገር ግን መረጃውን ማካፈል የሚሻ ሰው ቅንብሩን በማናቸውም ጊዜ መለወጥ ሲችል፣ አንድ ጊዜ የተወሰደበት ሰው መረጃውን መልሶ የሚሰበስብበት መንገድ የለውም። ከልክ በላይ መጠበቅና ከልክ በላይ መልቀቅ እኩል ስህተቶች ስላልሆኑ መነሻው ወደ ጥበቃው ማዘንበል አለበት።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 25 ይህንኑ መርሕ ግዴታ አድርጎታል። በኢትዮጵያም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለሚደረግ ግንኙነት ሳይቀር ከለላ የሚሰጥ ሲሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወጥቷል። የአዋጁ ፍሬ የሚለካው ዜጎች ስንት የስምምነት ሳጥን እንደነኩ በመቁጠር ሊሆን አይገባም፤ የባንክ፣ የክፍያና የመንግሥት አገልግሎት አፕሊኬሽኖች ገና ሲጫኑ ምን መረጃ እንደሚወስዱ በመመርመር ሊሆን ይገባል። የቴክኖሎጂ ባለሙያዎችም ዕውቀታቸውን ተጠቃሚውን ከመገሠጽ ይልቅ ይህን ምርመራ ለማካሄድና ውጤቱን ለሕዝብ ለማሳወቅ ቢያውሉት፣ ዛሬ የጥቂት አዋቂዎች ዕድል የሆነው ጥበቃ የሁሉም መብት ሊሆን ይችላል።