ፈጣኑ ማነው? በስንት ሰከንድ?

ነቀምቴ ሻይ ቤት ቁጭ ካላችሁ የማያልቅ ክርክር አለ፤ ከነቀምቴ ከተማ ተጫዋቾች ሁሉ ፈጣኑ ማን ነበር? ጊምቢም፣ ደምቢዶሎም የየራሳቸው አላቸው። (እኔም አለኝ፤ አልነግራችሁም።) እሺ፣ በስንት ሰከንድ? ዝም!

ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 መሮጡን እስከ ሰከንድ መቶኛ እናውቃለን። የእኛ የክንፍ ተጫዋች 30 ሜትር በስንት እንደሚሮጥ ግን ጽፎ ያሳየኝ አላገኘሁም። ሰዓት የለም እንዳትሉኝ፤ ስልካችሁ ውስጥ አለ። በ2012 ዓ.ም. ወለጋ ላይ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ምክንያት ነበረን። ዛሬስ?

ልጁ ለሙከራ አዲስ አበባ ሲሄድ በእጁ የሚይዘው «የሰፈር ሰው ፈጣን ነህ ይለኛል» የሚል ወሬ ብቻ ነው። አሰልጣኞች፣ በየወሩ ለክታችሁ ለጥፉ። ክርክራችን ይበላሻል የምትሉ ደጋፊዎች ደግሞ ይበላሽባችሁ!